ሽፍታ ብሎ ጠርቶት

ፀሐይዋ ሸዋ ሮቢትን አግላታለች። ሽማግሌው ከሽንኩርት ማሳቸው ዳር ግራር ሥር ተቀምጠዋል። ወጣቱ ቦዩን ዘግቶ መጣና አጠገባቸው አረፍ አለ።

— አባባ፣ ጣሊያን ያን ሁሉ አውሮፕላንና መድፍ ይዞ አምስት ዓመት ሙሉ የሸዋን አርበኛ ማጥፋት እንዴት አቃተው?

— ስም ሲያወጣለት ተሳሳተ፤ ሽፍታ አለው። ሽፍታ አለቃው ሲሞት ይበተናል፣ ስንቁ ሲቃጠል ይገባል። አርበኛው ግን ገበሬ ነበር። የገበሬን ቤት ስታቃጥልበት ምን ይተርፈዋል? ጠመንጃው ብቻ።

— መጀመሪያ ግን በቀላሉ ገብቶ የለ?

— ገብቷል። የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ባዶሊዮ ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ከደሴ ተነሥቶ በ27 አዲስ አበባ ደረሰ። መኪናው የተግተለተለው በዚሁ በእኛ ቆላ ነው። ጣርማ በር ላይ መንገዱ ፈርሶ ጠበቀው፣ ድንጋይ እየደረደረ ወጣ። ኋላ ዋሻውን ፈለፈለ። ዛሬ መኪና ላይ ሆናችሁ “ጣሊያን የሠራልን” ስትሉ አንጀቴ ያራል! ለእኛ ብሎ አይደለም፤ ጦሩን ሊያመላልስበት ነው። መንገዱን ስለያዘም አገሩን የያዘ መሰለው። እዚህ ላብ ያጠምቅሃል፤ ወደ ሁለት ሺህ ሜትር ሽቅብ ስትወጣ ጉሙ ጓደኛህን አያሳይህም። በመካከል ያለውን ገደል ሁሉ የሚያውቀው ማን ነበር?

— ዘዴው እንዳልሠራ ሲያይ ለምን አልተወውም?

— አነሰ እንጂ ተሳሳትን አላሉማ። እንደራሴው ግራዚያኒ በየካቲት 12 ቦምብ ከተጣለበት በኋላ አዲስ አበባን በደም አጠበ፣ ደብረ ሊባኖስን ፈጀ፤ አርበኛው በዛ። እሱ ተነሥቶ የአኦስታው መስፍን ቢመጣም የጦሩ አሠራር ያው፣ መክበብና ማቃጠል ነበር። ሚያዝያ 1931 መንዝ ውስጥ ዘረት ዋሻ የተጠለለውን፣ ሴቱንም ሕፃኑንም፣ በመርዝ ጋዝ ፈጁት። መንዝ ግን አልገባም።

— የአርበኞቹ መሪ ራስ አበበ አረጋይስ ለጣሊያን ሊገቡ ነበር ይባላል…

— ማነው ያለህ? ይህን ወሬ ስሰማ ነው የምታመመው። በል አድምጥ። የራስ ካሳ ልጆች፣ አበራና አስፋ ወሰን፣ ታኅሣሥ 1929 ፍቼ ላይ በጣሊያን ቃል ተማምነው እጃቸውን ሰጡ። በዚያው ገደላቸው። ይህን ያየ ሰው ይገባል? ጣሊያን ግን ያደረገውን እሱ ረሳው፣ የተደረገበት ሰውም የረሳ መሰለው። በ1932 ድርድር ሲጀመር አበበ እንቢ አላሉም፣ እሺም አላሉም። ዛሬ ነገ እያሉ ወራቱን ገፉት። ጣሊያን ሽፍታ በብርና በሹመት ይገዛል ብሎ ስላመነ፣ እያንዳንዱን መዘግየት የዋጋ ክርክር አደረገው። እስከ ጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ ድረስ ነገሩ ያለቀ መሰላቸው። አበበ ለጦራቸው እረፍት እየገዙ ነበር! ዛሬ “ሊገቡ ነበር” የሚል ሰው፣ ያኔ ጣሊያን የተታለለበትን እንደ እውነት ይዞ ይዞራል። አንድ ሰው ጦር ይዞ አምስት ዓመት ዱር ለዱር ሲያድር፣ ጠላቱን ማታለሉ እንደ ክህደት ይቆጠርበት?

— እርስዎ ይህን በምን ያውቃሉ?

— አባቴ ከአበበ ጦር ጋር ነበር። በዚያ ድርድር ሰሞን፣ ተኩሱ ረገብ ሲል፣ ሌሊት ለሌሊት ከደጋው ወርዶ እዚህ ማሽላውን አጨደ። ወቅቶ ጉድጓድ ከተተው፤ አፉን በድንጋይ ገጥሞ፣ በጭቃ መርጎ፣ ላዩ ላይ አገዳ በተነበትና ጎህ ሳይቀድ ተመለሰ።

— ከዚያስ?

— ናሲ ሲጠብቅ ቀረ። ክረምቱ ሲገባ አባቴ መጥቶ ጉድጓዱን ከፈተ። ማሽላው ከዳር ከዳር ጠቁሯል፤ መሐሉ ደህና ነበር። ሁለት ስልቻ ሞልቶ ወደ ላይ ወጣ።