ከባሕር የተወለደ ዐለት

በመቐለ ዙሪያ ወይም በአባይ ሸለቆ ገደላት ላይ የሚታየውን ንብርብር የኖራ ድንጋይ ቀረብ ብለን ብንመረምር፣ የዛጎልና የኮራል ቅሪተ አካላት እናገኝበታለን። ጂኦሎጂስቶች የአንታሎ የኖራ ድንጋይ የሚሉት ይህ ዐለት፣ መቐለ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ይሁን እንጂ የተሠራው ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ፣ ባሕር ውስጥ ነው። ለመሆኑ እንዴት ተሠራ?

አብዛኛው አሸዋና ሸክላ ከየብስ ተሸርሽሮ በወንዝ ወደ ባሕር የሚገባ ደለል ነው። የካርቦኔት ደለል ግን የሚወለደው እዚያው ባሕሩ ውስጥ ነው። የባሕር ውኃ የሟሙ ካልሲየምና ባይካርቦኔት ይዟል። ውኃው ሲሞቅ፣ እንዲሁም አልጌዎች ለፎቶሲንተሲስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲወስዱ፣ ካልሲየም ካርቦኔት ከውኃው ተለይቶ ለመዝቀጥ ይቀለዋል። ኮራሎችና ባለዛጎል እንስሳት አካላቸውን ይገነቡበታል፤ ሲሞቱም ማዕበል ሰባብሮ አሸዋ ያደርገዋል። አንዳንድ አረንጓዴ አልጌዎች ደግሞ ሲበሰብሱ መርፌ መሰል ቅንጣቶችን በትነው የኖራ ጭቃ ያስገኛሉ።

ይህ ሥራ የሚፋጠነው ሞቃት፣ ጥርት ያለና ብርሃን እስከ ወለሉ በሚደርስበት ውኃ ውስጥ ነው። የዘመናችን ዓይነተኛ ምሳሌ የባሃማስ ታላቁ መደብ ነው። በአብዛኛው ስፍራ የውኃው ጥልቀት 10 ሜትር እንኳ አይሞላም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1947 በአንድሮስ ደሴት የተቆፈረ ጉድጓድ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ፣ ያገኘው ጥልቀት በሌለው ባሕር የተሠራ የካርቦኔት ዐለት ነው።

ይህ እንቆቅልሽ የሚፈታው ወለሉ ራሱ በዝግታ እንደሚሰምጥ ስንገነዘብ ነው። ወለሉ በሰመጠ ቁጥር አዲስ ደለል ክፍተቱን ይሞላል። ደለሉ እስከ ውኃው ገጽ ከሞላ መከማቻ ስፍራ ያጣል። ባሕሩ ከደለሉ ፈጥኖ ከጠለቀ ደግሞ ብርሃን ይርቃል፤ ምርቱም ይዳከማል።

እንግዲህ የአንታሎ ዐለት በመቶዎች ሜትር መወፈሩ ባሕሩ ያን ያህል ጥልቅ እንደነበር አያመለክትም። የሚመሰክረው ስምጠትና ክምችት ለረጅም ዘመን አብረው መጓዛቸውን ነው። በኖራው መካከል የሸክላ ንብርብር ስናገኝም፣ ከየብስ የመጣ ጭቃ ባሕሩን ያደፈረሰበትን ጊዜ እናነባለን። ስለዚህ በመስክ ጥናት ወቅት የንብርብሩን ውፍረት ብቻ ለክተን አንለፍ፤ በውስጡ ያሉትን ቅንጣቶችም እንመርምር።