ከሩቅ ሆኖ መሥራትና አስተማማኝ መገናኛ

ምንባብ

የሂሳብ አዋቂ፣ የሕግ አማካሪ ወይም የሕንፃ ንድፍ አውጪ ቢሮ ከሌላው መሥሪያ ቤት የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ይኸውም በእጁ የሚገኘው ትልቁ ሀብት የራሱ ሳይሆን የደንበኞቹ ምስጢር መሆኑ ነው። የነጋዴው ገቢና ዕዳ፣ የተከራካሪው ማስረጃ፣ የሠራተኞች የደመወዝ ዝርዝር፣ ይህ ሁሉ ቀድሞ በብረት ሣጥን ተቆልፎ ይቀመጥ ነበር። መዝገቡን ማየት የፈለገ ሠራተኛም የግድ ወደ ቢሮው መምጣት ነበረበት። ዛሬ ግን መዝገቡ በኮምፒዩተር ውስጥ ስለሚቀመጥ ሠራተኛው በመኖሪያ ቤቱ ወይም በሌላ ከተማ ሆኖ በኢንተርኔት አማካይነት ሊሠራበት ይችላል። በተለይም እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በዓለም ላይ በተስፋፋ ጊዜ ብዙ ድርጅቶች ሠራተኞቻቸው በየቤታቸው እንዲሠሩ ከማድረግ በስተቀር ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም።

ይሁን እንጂ መዝገቡ ከብረት ሣጥን ወጥቶ በአደባባይ መንገድ ሲጓዝ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። በመንገድ ላይ ማን ያየዋል? መንገዱ ቢቋረጥስ?

ለመጀመሪያው ጥያቄ የተገኘው መልስ ቪፒኤን በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው የግል መተላለፊያ ነው። ይህ መተላለፊያ አዲስ ሽቦ አይዘረጋም፤ ሁሉም ሰው በሚጠቀምበት በዚያው መረብ ላይ የሚያልፈውን መልእክት ግን ቁልፉን ከያዙት በቀር ማንም ሊያነበው ወደማይችል ምስጢራዊ ጽሑፍ ይለውጠዋል። ጉዳዩ በማኅተም ታሽጎ በመልእክተኛ እጅ ከሚላክ ደብዳቤ ጋር ይመሳሰላል። ምሳሌው ግን እስከ መጨረሻው አይሄድም፤ ማኅተም የሰበረ ሰው ደብዳቤውን ያነባል፤ ምስጢራዊውን ጽሑፍ የጠለፈ ሰው ግን የሚያገኘው ትርጉም የለሽ የቁጥር ክምር ብቻ ነው።

አስቸጋሪው ነገር ቁልፉን ለሩቁ ሰው ማድረስ ነበር፤ ቁልፉ ራሱ በዚያው መንገድ ከተላከ ሌባ ሊያገኘው ይችላልና። እ.ኤ.አ. በ1976 ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ሁለት ሰዎች በግልጽ እየተጻጻፉ ሌላ ሰሚ የማያውቀውን የጋራ ቁልፍ ሊያበጁ የሚችሉበትን የሂሳብ ዘዴ አሳተሙ። የዛሬዎቹ የግል መተላለፊያዎች በአብዛኛው በዚህ ሐሳብ ላይ የቆሙ ናቸው።

ቁልፉ የቱንም ያህል ቢጠነክር በሩን የሚጠብቀው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 ኮሎኒያል ፓይፕላይን የተባለው የአሜሪካ ነዳጅ አስተላላፊ ኩባንያ በኮምፒዩተር ዘራፊዎች እጅ ወድቆ፣ ርዝመቱ 8,850 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነውን የነዳጅ ቧንቧ ለቀናት ዘጋ፤ ወደ 4.4 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብም ከፈለ። ዘራፊዎቹ የገቡበት በር ከሩቅ ለሚሠሩ ሰዎች ተከፍቶ የነበረ፣ ከዚያም ሥራ ላይ መዋሉ ቀርቶ ሳይዘጋ የተረሳ የቪፒኤን መግቢያ ነበር። የሚጠይቀውም አንድ የይለፍ ቃል ብቻ ነበር። ምስጢራዊው ጽሑፍ አልተሰበረም፤ ሌቦቹ የገቡት በቁልፍ ነው። ከዚህ የተነሣ ጠንቃቃ ድርጅቶች ከይለፍ ቃሉ ሌላ በሠራተኛው ስልክ ላይ እየተለዋወጠ የሚታይ ቁጥር ይጠይቃሉ፤ ሥራ የለቀቀን ሰው መግቢያም በዚያው ዕለት ይዘጋሉ። ይህ ሁለተኛው ቀላል ቢመስልም ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው እርሱ ነው።

የመንገዱን መቋረጥ በተመለከተ የምሥራቅ አፍሪካ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 በሚገባ ተምረዋል። እስከ 2009 ድረስ የአካባቢው ግንኙነት ከውጭው ዓለም ጋር በአብዛኛው በሳተላይት ነበር። በዚያ ዓመት ሲኮምና ቲምስ፣ በ2010 ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ እስከ ፖርት ሱዳን የሚደርሰው ኢሲ የተባሉት የባሕር ውስጥ ገመዶች ሥራ ጀመሩ። በፌብሩዋሪ 2024 በየመን አጠገብ በሚሳይል የተመታችው ሩቢማር የተባለች መርከብ መልሕቋን እየጎተተች ስትንሳፈፍ በቀይ ባሕር ሦስት ገመዶች ተበጠሱ። ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ ገና ሳይጠገን፣ ሜይ 12 ቀን በደቡብ አፍሪካ ደርባን አቅራቢያ ኢሲና ሲኮም በአንድነት ተቋረጡ። ታንዛኒያ ክፉኛ ተጎዳች፤ በዳሬሰላም የሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ እንኳ ለሁለት ቀናት ባለጉዳዮችን አላስተናገደም። የግብር ማስታወቂያ ማቅረቢያ ቀን የደረሰበት የሂሳብ ቢሮ በእንዲህ ያለ ዕለት ምን እንደሚገጥመው መገመት አያዳግትም። ቪፒኤኑ ደኅና ነው፤ ቁልፉም አልጠፋም፤ የሚያልፍበት መንገድ ግን የለም።

ብዙዎች መድኀኒቱ ከሁለት ኩባንያዎች አገልግሎት መግዛት ነው ይላሉ። ነገር ግን ሁለቱ ኩባንያዎች በአንድ ገመድ የሚጠቀሙ ከሆነ የተገዛው ሁለት ደረሰኝ እንጂ ሁለት መንገድ አይደለም። የባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያ መስመሮቿን በጅቡቲ ብቻ ሳይሆን በሌሎች ጎረቤቶቿም በኩል ማሳለፏ በዚሁ ምክንያት ይጠቅማታል። በሳተላይት መጠባበቅም ይቻላል። በ36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በሚቆመው ሳተላይት የሚያልፍ ጥያቄና መልስ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ይዘገያል፤ ወደ 550 ኪሎ ሜትር ግድም ከፍታ ላይ በሚዞሩት ግን መዘግየቱ እምብዛም አይታወቅም። የቤት መብራት ከጠፋ ግን ከእነዚህ አንዱም አይረዳምና የሠራተኛው ባትሪም ከመንገዱ ጋር ይቆጠራል።

የቃላት ፍች

አሕጽሮት፦ አጥሮ የተጻፈ ስም
መጥለፍ፦ ለሌላ የተላከን መልእክት በመንገድ ላይ መያዝ
መልሕቅ፦ መርከብን ለማቆም ወደ ባሕር የሚጣል ከባድ ብረት

ጥያቄዎች

1. የቪፒኤን መልእክት በማኅተም ከታሸገ ደብዳቤ የሚለየው በምንድን ነው?
2. “ሌቦቹ የገቡት በቁልፍ ነው” የተባለው ለምንድን ነው?
3. የሜይ 2024ቱ መቋረጥ የከፋ የሆነው ከፌብሩዋሪው አደጋ ጋር በምን ስለተያያዘ ነው?
4. “ሁለት ደረሰኝ እንጂ ሁለት መንገድ አይደለም” የሚለውን ሐሳብ በራሳችሁ አነጋገር አብራሩ።