ሌላ ራዲያተር ስንጨምር

እንደሚታወቀው የሐይቅ ከተማ ነዋሪ በታኅሣሥ ሌሊት ጋቢ ይደርባል እንጂ ቤቱን በሙቅ ውሃ አያሞቅም። ከአጠገቡ ያለው ሐይቅ ግን ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይለቃል፤ 1 ኪሎግራም ውሃ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀዘቅዝ 4200 ጁል ገደማ ይሰጣልና። የአውሮፓ ቤቶች ራዲያተርም የሚሠራው በዚሁ የውሃ ጠባይ ነው።

በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን ለሕፃኑ ክፍል አንድ ራዲያተር አስጨመርን። አዲሱ ጋለ፤ የመጨረሻው ክፍል ግን ቀዘቀዘ። ቦይለሩን ወቀስነው (የፊዚክስ ተማሪ መሆናችንን ረስተን!)። ውሃ እንደ ኤሌክትሪክ ጅረት ሁሉ ተቃውሞ ባነሰበት መንገድ አብዝቶ ይፈስሳል፤ አዲሱ ራዲያተር ለፓምፑ ቅርብ ስለነበረ የሩቁን ድርሻ ወሰደ። በሰዓት 60 ሊትር ውሃ አልፎ በ10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ 700 ዋት ይገኛል፤ ፍሰቱ ወደ 20 ሊትር ቢወርድ፣ በዚያው የሙቀት ልዩነት፣ ከ240 ዋት በታች ነው። መፍትሔው የቅርቦቹን ራዲያተሮች የመመለሻ ቫልቭ ጠበብ ማድረግ ነበር። የቦይለሩ ኃይል ለሁሉም የማይበቃ ቢሆን ኖሮ ግን ይህም ባልረዳን፤ ራዲያተር ሙቀትን ያከፋፍላል እንጂ አይፈጥርም።

ይህ ሥርዓት በሐይቅ ቢተከል ሌላ ጉዳይ ይነሣል፦ በ2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ውሃ በ93 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ ታንከሩ ክፍት የሆነ መሥመር ከዚያ በታች መሥራት ይኖርበታል።