የወቅት ዝናብ ትንበያን እንዴት እናንብበው?

ሬዲዮው «በመጪው ወቅት የደቡብና የደቡብ ምሥራቅ ቆላማ አካባቢዎች ከመደበኛ በታች ዝናብ ሊያገኙ ይችላሉ» ሲል ሁሉም ሰው ይሰማል፤ የሚረዳው ግን እንደየልቡ ነው። አንዱ «ዘንድሮ ዝናብ የለም ማለት ነው» ብሎ ይደመድማል። ሌላው «ሊያገኙ ይችላሉ ነው ያሉት፤ እነሱም አያውቁትም» ብሎ ይተወዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ትንበያው ከየት እንደሚመጣና ምን እንደሚል ደረጃ በደረጃ እንየው።

አንደኛ፦ የነገው ዝናብና የወቅቱ ዝናብ

የነገው የአየር ጠባይ ትንበያ የሚነሣው ከዛሬው ሰማይ ነው። ደመናው የት እንዳለ፣ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ይለካና ወደፊት ይሰላል። ይህ ስሌት ዕድሜው አጭር ነው። ሁለት ሳምንት ገደማ ካለፈ፣ መነሻው ላይ የነበረች ጥቂት የልኬት ጉድለት እያደገች ሄዳ ውጤቱን ሁሉ ታበላሸዋለች። ታዲያ የሦስት ሳምንቱን ሰማይ መናገር ያቃተው ባለሙያ የሦስት ወሩን እንዴት ይደፍራል?

የሚደፍረው ጥያቄው ሌላ ስለሆነ ነው። የወቅት ትንበያ «ጥቅምት 12 ቀን ይዘንባል ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። «የወቅቱ ዝናብ ተደምሮ ከለመድነው ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ይላል። ይህን ለመገመት ደግሞ ዋናው ፍንጭ የባሕር ሙቀት ነው። የሸክላ ድስት ከእሳት ከወረደም በኋላ ወጡ መንተክተኩን ቶሎ እንደማይተው ሁሉ፣ ውቅያኖስም የያዘውን ሙቀት ለወራት አይለቅም። ዛሬ ሞቆ የተለካ ባሕር ከሁለትና ሦስት ወር በኋላም ሞቆ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። በላዩ ያለው አየር፣ ነፋሱና ደመናው ደግሞ ይህንኑ ሙቀት ይከተላሉ።

ሁለተኛ፦ «መደበኛ» የሚባለው ስንት ነው?

አንድ የቆላ ወረዳ የዝናብ መለኪያ ጣቢያ አለው እንበል። ቁጥሮቹን ለማስተማሪያ ያህል እኔ አስቀምጣቸዋለሁ። ጣቢያው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የወረደውን ዝናብ ለ30 ዓመት መዝግቧል። 30ዎቹን ዓመታት ከደረቁ ጀምረን እስከ እርጥቡ በተርታ እንደርድራቸው። አሥረኛው ላይ 120 ሚሊ ሜትር፣ ሃያኛው ላይ 190 ሚሊ ሜትር አገኘን። (አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነው።)

እንግዲህ ሦስት መደብ ተገኘ። 120 እና ከዚያ በታች ያለው «ከመደበኛ በታች»፣ ከ120 በላይ እስከ 190 ያለው «መደበኛ»፣ ከ190 በላይ ያለው «ከመደበኛ በላይ» ይባላል። እያንዳንዱ መደብ አሥር አሥር ዓመት ስለያዘ፣ ምንም መረጃ የሌለው ሰው ለሦስቱም እኩል 33 በመቶ ገደማ ዕድል ይሰጣል። ይህችን 33 ያዟት፤ በኋላ እንፈልጋታለን።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። 118 ሚሊ ሜትርም «ከመደበኛ በታች» ነው፤ 35 ሚሊ ሜትርም «ከመደበኛ በታች» ነው። የመጀመሪያው ያስቸግራል፤ ሁለተኛው ከብት ይፈጃል። ቃሉ ብቻውን የትኛው እንደሚመጣ አይለይም። በሌላ በኩል በደረቅ አገር «መደበኛ» ማለት «በቂ» ማለት አይደለም። 150 ሚሊ ሜትር ለግጦሽ ሣር ያበቅል ይሆናል፤ ለበቆሎ ግን አይበቃም።

ሦስተኛ፦ አንዱ ባሕር ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰጣል

በመካከለኛውና በምሥራቃዊው ፓስፊክ፣ በምድር ወገብ ዙሪያ ያለው የባሕር ገጽ ከተለመደው ቢያንስ በግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስ ሞቆ ለወራት ሲቆይ ኤልኒኞ ይባላል። በዚያው መጠን ሲቀዘቅዝ ላኒና ይባላል። ፓስፊክ ከእኛ በሺዎች ኪሎ ሜትር ይርቃል። ሆኖም በሞቀው ባሕር ላይ አየር በብዛት ወደ ላይ ሲወጣ፣ በሌላው የምድር ክፍል ያለው የአየር ዝውውር አብሮ ይናጋል።

ይህ ኢትዮጵያን በሁለት መንገድ ያገኛታል። ሰሜኑ፣ መሐሉና የምሥራቁ ደጋ ዋና ዝናቡን የሚያገኘው ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በክረምት ነው። በኤልኒኞ ዓመት ለክረምቱ ደመና የሚያግዘው የከፍታ ላይ የምሥራቅ ነፋስ ይዳከማል፤ እርጥበት የሚያመጣውም ነፋስ እንዲሁ። ስለዚህ ክረምቱ ይሳሳል። የ2007 ዓ.ም. ክረምት የዚህ ዋና ምሳሌ ነው። በዚያ ኃይለኛ ኤልኒኞ ሰበብ በተከተለው ድርቅ፣ በ2008 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን ሰው የአስቸኳይ ጊዜ የምግብ እርዳታ ያስፈልገዋል ተብሎ ታወጀ።

ቦረናና አብዛኛው የሶማሌ ክልል ግን የክረምት አገር አይደሉም። ዝናባቸው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሌላው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ። ቦረና የመጀመሪያውን ገና፣ ሁለተኛውን ሐጋያ ይለዋል፤ ሶማሌው ጉ እና ዴይር ይላቸዋል። ለሐጋያና ለዴይር ፍርዱ ይገለበጣል፤ ኤልኒኞ ዝናብ ያበዛል፣ ላኒና ያደርቃል። የሕንድ ውቅያኖስም ይጨመርበታል። በአፍሪካ በኩል ያለው የውቅያኖሱ ክፍል ሲሞቅ ደመናው ወደ እኛ ያዘነብላል፤ በኢንዶኔዥያ በኩል ያለው ሲሞቅ ደመናው ወደዚያ ይሸሻል። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ የአፍሪካው ጎን ባልተለመደ መጠን ሞቆ ስለነበር የምሥራቅ አፍሪካ ቆላ በጎርፍ ተመታ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ላኒና ሦስት ዓመት ተከታትሎ መጣ፤ በአፍሪካ ቀንድ ቆላማ አካባቢዎች አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ።

ስለዚህ «ዘንድሮ ኤልኒኞ ነው፤ ድርቅ ይሆናል» የሚለው ወሬ ለወሎ ሲነገርና ለቦረና ሲነገር አንድ አይደለም። መጀመሪያ «የት? በየትኛው ወቅት?» ማለት ያስፈልጋል።

አራተኛ፦ ባለሙያው ቁጥሩን እንዴት ያገኘዋል?

አንዱ መንገድ አምሳያ ዓመት መፈለግ ነው። የዘንድሮው ባሕር ካለፉት ዓመታት የትኞቹን ይመስላል? በእነዚያ ዓመታት ዝናቡ እንዴት ነበር? በአገራችን የሜትዮሮሎጂ ባለሙያዎች ይህን ዘዴ ለረጅም ጊዜ ሲሠሩበት ኖረዋል። ሁለተኛው፣ በባሕር ሙቀትና በዝናብ መካከል ያለውን ዝምድና በስታትስቲክስ ማስላት ነው። ሦስተኛው የኮምፒዩተር ሞዴል ነው፤ የባሕሩንና የአየሩን እንቅስቃሴ በፊዚክስ ሕግ ያሰላል። ሞዴሉ መነሻው በጥቂት በጥቂቱ እየተለዋወጠ ደጋግሞ ይሠራል። ከ50 ስሌት 25ቱ ደረቅ ወቅት ካሳዩ፣ ወደ 50 በመቶ የተጠጋ ግምት ተገኘ ማለት ነው፤ የሞዴሉ የቆየ ስሕተት ከታረመ በኋላ። ኬንያ ውስጥ የሚገኘው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል የየአገሩን ባለሙያዎች በዓመት ሦስት ጊዜ ያሰባስብና የቀጣናውን ትንበያ ያወጣል። የኢትዮጵያ ሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩትም የአገሩን ዝርዝር ይሰጣል።

አምስተኛ፦ መቶኛውን ማንበብ

ትንበያው ለዚያ ለምሳሌያችን ወረዳ እንዲህ ቢል፦ ከመደበኛ በታች 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በላይ 20 በመቶ። አሁን 33ን አምጧት። ደረቁ ዕድል ከ33 ወደ 45 ወጣ፤ እርጥቡ ወደ 20 ወረደ። ሚዛኑ ወደ ድርቀት አዘንብሏል፤ ግን አልተፈረደም። እንዲያውም ደረቅ ያለመሆኑ ዕድል፣ ሁለቱ ሲደመሩ፣ 55 በመቶ ነው።

ይህን የመሰለ ትንበያ 20 ጊዜ ቢወጣ፣ 9 ጊዜ ያህል ደረቅ፣ 4 ጊዜ ያህል ደግሞ እርጥብ ወቅት መምጣት አለበት። ከ20ው አንድም ጊዜ እርጥብ ካልመጣ ባለሙያው 20 በመቶ ማለቱ ልክ አልነበረም ብሎ መጠርጠር ይገባል። ስለዚህ ትንበያን በአንድ ዓመት ውጤት «አበለ» ወይም «ሠመረ» ማለት አይቻልም፤ የሚመዘነው በብዙ ዓመት መዝገብ ነው።

ሁለት ተከታታይ ወቅቶችን ላሳያችሁ። በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ፣ መጪው ሐጋያና ዴይር ደረቅ የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው ተባለ፤ ሆነም። በ2015 ዓ.ም. የካቲት ደግሞ ቀጣዩም ወቅት፣ ገናና ጉ፣ ወደ «ከመደበኛ በታች» እንደሚያጋድል ተነገረ። መጋቢት ላይ ግን ዝናቡ በርትቶ ወረደ፤ በብዙ ቦታ ጎርፍ ሆነ። ልዩነቱ በአብዛኛው ከወቅቱ ጠባይ ነው። የጥቅምት–ታኅሣሥ ዝናብ ባሕሩን በደንብ ይከተላል፤ የመጋቢት–ግንቦቱ ዝምድና ደካማ ነው። ኤልኒኞና ላኒናም ብዙውን ጊዜ የሚለዋወጡት በእነዚሁ የመጋቢት–ግንቦት ወራት አካባቢ ስለሆነ፣ ያን ጊዜ ወደፊት ማየት ይከብዳል። የገናን ትንበያ ከሐጋያው ትንበያ ባነሰ እምነት መቀበል ይገባል።

ስድስተኛ፦ ትንበያው የማይነግረን

የወቅቱ ድምር ልክ ሆኖ ሰብል ሊጠፋ ይችላል። ዝናቡ ሁሉ በሁለት ሳምንት ወርዶ ሦስት ሳምንት ደረቅ ሰሞን ቢከተል ቡቃያው ይደርቃል። የዝናቡ አገባብ፣ አወጣጥና ስርጭት በአሥር ቀንና በወር ትንበያ እየታደሰ መከታተል አለበት። ድርቅም ዝናብ ማጣት ብቻ አይደለም። የኩሬው ውኃ፣ የግጦሹ ሁኔታ፣ ያለፈው ወቅት ጉዳት፣ የእህልና የከብት ዋጋ ተደምረው ነው አንድን ደረቅ ወቅት ወደ ረሃብ የሚወስዱት። ለዚህ ነው ባለሙያዎች ከትንበያው ጎን ለጎን የሣሩን አረንጓዴነት በሳተላይት፣ ዋጋውን በየገበያው የሚከታተሉት።

ሰባተኛ፦ ታዲያ ምን እናድርግበት?

ቢስት ብዙ የማያስከፍለውን፣ ቢሠምር ብዙ የሚያድነውን እርምጃ አስቀድሙ። 45 በመቶ ሰምቶ መንጋውን በሙሉ መሸጥ ልክ አይደለም። ያረጁትንና የማይወልዱትን ሁለት ሦስት ከብት ገና ሳይከሱ፣ ገበያው ሳይወድቅ መሸጥ፣ ድርቆሽ ማከማቸት፣ ኩሬ መጥረግ ግን ዝናቡ ቢመጣም አያስቆጭም። የስምጥ ሸለቆ ገበሬም ማሳውን ከፋፍሎ በከፊሉ እንደ መልካሳ-1 ያለ ቶሎ የሚደርስ በቆሎ መዝራት ይችላል። የወሎና የሐረርጌ ገበሬ ይህን ጥበብ ያገኘው ከአያቱ ነው፤ ሚያዝያ ላይ ዘግይቶ የሚደርሰውን ማሽላ ይዘራል፣ በልጉ ከከዳው ክረምቱ ሲገባ ወደ ጤፍ ይዞራል። ትንበያው ይህን ውሳኔ በጥቂት ሳምንት ያስቀድምለታል።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ትንበያ ስትሰሙ የግብርና ባለሙያችሁን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ የሚናገረው ስለ የትኛው ወቅትና አካባቢ ነው? የሦስቱ መደቦች መቶኛ ስንት ስንት ነው? የሚታደሰው መቼ ነው? መቶኛው ሳይነገር «ከመደበኛ በታች» ብቻ ተብሎ የሚመጣ መልእክት ጎደሎ ነው። ሙሉውን የመጠየቅ መብት አላችሁ።