ኔትወርኩ የጠፋው ስንት ሰዓት ነው?

አንዲት ወጣት ደንበኛዬ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስልኳ ላይ ኔትወርክ ይጠፋባታል። «ሰፈራችን ለወትሮውም እንዲህ ነው» ብላ ተወችው። ማታ በወንድሟ ስልክ ወደ ራሷ ቁጥር ስትደውል ይጠራል፤ ያነሳው ግን የማታውቀው ወንድ ነው። ለካ በቁጥሯ ምትክ ሲም ወጥቶበታል። በማግስቱ ባንክ ስትሄድ ሂሳቧ ተራግፏል፤ በስልኳ በኩል የተወሰደ ብድርም በስሟ ተመዝግቧል።

«ለባንኩ መቼ ነገርሻቸው?» አልኳት።

«ጠዋቱን ሄጄ ነገርኳቸው።»

«ለማን?»

«መስኮት ላይ ላለችው ልጅ።»

ወረቀት የለም። በዚህ ዓይነት ጉዳይ ከሌባው ቀጥሎ የሚጎዳን ይሄ ነው።

ሕጉ ለወንጀሉ ስም ሰጥቶታል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 11 «የኤሌክትሮኒክ ማንነት ስርቆት» ይለዋል፤ ቅጣቱም እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50 ሺህ ብር መቀጮ ነው። የሌላን ሰው መለያ መረጃ ያለ ፈቃዱ ማግኘት፣ መያዝ፣ መሸጥ ወይም ማስተላለፍ ብቻውን ያስጠይቃል። ስለዚህ ፖሊስ ጋ ለመሄድ ብሩ እስኪወሰድ አይጠብቁ።

ብድሩስ? በፍትሐ ብሔር ሕጉ ያለ ፈቃድ ውል የለም (አንቀጽ 1678)፤ ግዴታ አለብህ የሚል ወገን ግዴታው መኖሩን ማስረዳት ያለበትም ራሱ ነው (አንቀጽ 2001)። በወረቀት ላይ ሲነበብ ደስ ይላል። ችሎት ላይ ግን አበዳሪው «በእርሷ ቁጥር፣ በእርሷ የሚስጥር ቁጥር የተፈጸመ ነው» ብሎ ከኮምፒውተር የወጣ ዝርዝር ይዞ ይቀርባል፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ ለእንዲህ ያለው ሰነድ ዋጋ ሰጥቶታል። ያኔ ክርክሩ ሁሉ ሰዓት ላይ ይወድቃል። ቁጥሩ ከእጅዎ የወጣው መቼ ነው? ያሳወቁትስ?

እናም ስልክዎ ያለ ምክንያት ከሞተ በሰው ስልክ ደውለው ቁጥሩን ያዘጉ፤ ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994፣ ሳፋሪኮም ከሆነ 700። ባንክዎም ሂሳቡን እንዲያግድ ይንገሩ። ከዚያ በዚያው ቀን አጭር ደብዳቤ ይጻፉ፦ «ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ቁጥሬ በእጄ አይደለም፤ እነዚህን ግብይቶች እኔ አልፈጸምኩም፤ ሂሳቤ ይታገድ።» በሁለት ቅጂ ያዘጋጁት። አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ ያስደርጉ፤ በእጅዎ በሚቀረው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያስደርጉበት። «ማኅተም የያዘው ሰው የለም» ቢሉዎት ይጠብቁ። ከዚያ በኋላ ለሚወጣ ብር «አላወቅንም» ማለት አይችሉም።

ፖሊስ ቃልዎን ሲቀበል ሰዓቱ በትክክል መጻፉን አንብበው ይፈርሙ። ምትክ ሲሙ በየትኛው ቅርንጫፍ፣ በማን መታወቂያ እንደወጣ እንዲጣራም ይጠይቁ። አዋጅ 958 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ መረጃ ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲያቆዩ ያስገድዳል፤ ከዚያ ወዲያ ላይገኝ ይችላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ አንድ ድርጅት ስለ እርስዎ የያዘውን መረጃ የማየትና የማሳረም መብት ይሰጥዎታል፤ አቤቱታ የሚቀርበው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ጥንቃቄውን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚስጥር ቁጥርና በመልእክት የሚመጣ ኮድ ለማንም አይሰጥም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የመታወቂያ ፎቶ ኮፒ ነው። ለደላላ፣ ለአከራይ፣ ለቀጣሪ ስንበትን እንውላለን፤ የፋይዳ ካርዳችንን በቴሌግራም የምንልከውም ብዙዎች ነን። ቅጂ መስጠት ግድ ከሆነ በምስሉ ላይ አግድም «ለቤት ኪራይ ውል ብቻ» ብለው፣ ቀን ጽፈው ይፈርሙበት። ፎቶ ኮፒ ቤት ዋናውን ማሽኑ ላይ፣ የተበላሸውን ቅጂ ቅርጫት ውስጥ ትተው አይውጡ።

ደንበኛዬ ኔትወርኩ የጠፋበትን ሰዓት አታስታውስም ነበር። ማታ የደወለችበት ስልክ ግን ሰዓቱን መዝግቦታል፤ የማታውቀው ሰው ስልኩን ያነሳበትን ደቂቃ ሳይቀር። የጥሪ ዝርዝሩን እንዳያጠፋ ለወንድሟ ከቢሮዬ ደወልንለት።