የጢያ ትክል ድንጋዮች

ከልደታ ተነሥቶ በዓለም ገና በኩል ወደ ቡታጅራ የሚወርድ መንገደኛ የአዋሽን ወንዝ በመልካ ቁንጡሬ ይሻገራል። በዚያ ወንዝ ዳር እጅግ የጥንት ሰዎች የጠረቧቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል፤ የእነርሱ ነገር ግን ለሌላ ቀን ይቆየን። ከዚያ አልፎ በሶዶ አገር ጢያ በምትባል ከተማ አጠገብ የቆሙትን ሐውልቶች ያገኛል። ቁጥራቸው 36 ነው፤ 32ቱም ቅርጽ አላቸው። ከአዲስ አበባ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና ማለዳ የተነሣ ሰው በዚያው ቀን አይቶ ይመለሳል።

ልጆች ሆይ፥ በቀትር አትሂዱ። ፀሐይ በጎን ስትመታቸው ቅርጹ ጥላ ይጥላልና ያን ጊዜ ደኅና አድርጎ ይታያል። በአንዱ ላይ ጥቂት፥ በሌላው ላይ ብዙ ሰይፍ ተቀርጿል፤ ክብ ምልክትና እንደ ቅርንጫፍ ያለ ምልክትም አለ። የሰይፉ ቁጥር ሟቹ የገደላቸው ጠላቶች ቁጥር ነው ይባላል። ነገር ግን ጽሕፈት የለበትምና ይህ ግምት ነው።

ብዙ ሰዎች «የግራኝ ድንጋይ» ይሉታል። ኢማም አሕመድ ግን የተዋጋው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1529 እስከ 1543 ነው፤ ሊቃውንት ቆፍረው የመረመሯቸው መቃብሮች ከእርሱ መነሣት ከመቶ ዓመት በላይ ይቀድማሉ። ከድንጋዮቹ ሥር የተገኙት ሙታን ሕፃን በማኅፀን እንደሚሆን ጉልበታቸውን አጥፈው የተቀበሩ ናቸው፤ ዕድሜአቸውም ከ18 እስከ 30 ዓመት ነበረ። ሁሉም ወጣቶች ነበሩ ማለት ነው። ስፍራው በ1980 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ።

እኔ ግን መጀመሪያ በሄድሁ ጊዜ ይህን አላውቅም ነበር። ደክሞኝ ከወደቁት ድንጋዮች በአንዱ ላይ ተቀምጬ ቂጣዬን ቈረስሁ፤ ጓደኛዬም በሌላው ላይ ስሙን በምስማር መጫር ጀመረ። በዚያ ቆመው ያዩ አንድ ሽማግሌ አልተቈጡም።

«ልጄ፥ አያትህ ወዴት ተቀበሩ?» አሉት።

«ልደታ ነው፥ አባባ።»

«እንግዲያ ስምህን መጀመሪያ በእርሳቸው መቃብር ላይ ጽፈህ ና።»

ጓደኛዬ ምስማሩን ወደ ኪሱ ከተተ። እኔም የቀረውን ቂጣ ይዤ ከድንጋዩ ተነሣሁ።