ስለ አእምሮ ሕመምና ወደ ሳንባ ስለሚሄድ የረጋ ደም

ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሽቅብ የሚወጣ ስለ ሆነ፥ የሚገፋው የባት ጡንቻ ነው። ሰው በተራመደ ቍጥር ባቱ እየተኰማተረ ደሙን ወደ ላይ ይሰደዋል። እግር ለብዙ ቀን ሳይንቀሳቀስ የቆየ እንደ ሆነ ግን ደሙ በደም ሥር ውስጥ ይዘገያል፤ የዘገየም ደም ሊረጋ ይችላል። ከረጋውም ቍራጭ ተነሥቶ በልብ በኩል አልፎ የሳንባውን የደም መንገድ ይደፍናል፤ ቍራጩ ትልቅ ከሆነ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይገድላል። ይህን በፈረንጆች አቈጣጠር በ1846 ዓ. ም. ገልጦ የጻፈው ሩዶልፍ ፊርኮቭ የሚባል የጀርመን ሐኪም ነው።

ይህ ነገር ከአእምሮ ሕመም ጋራ ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። አንዳንዱ ሕመምተኛ ሳይበላና ሳይጠጣ ቀኑን ሁሉ እንደ ድንጋይ ደርቆ ይቀመጣል፤ ውሃ ያጣ ሰውነትም ደሙ ይወፍራል። ደግሞ ለአእምሮ ሕመም ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ የደም መርጋትን አደጋ በጥቂቱ ይጨምራሉ። ስለዚህ ግን መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ሰው በእጁ የሚያመጣው ነው። ሕመምተኛው እንዳይጠፋ ወይም ሰው እንዳይጎዳ ተብሎ በሰንሰለት ይታሰራል። ቤተ ዘመዱ ይህን የሚያደርገው ጠልቶት አይደለም፤ ሐኪም ቤት ቢርቅበትና አቅም ቢያጣ ነው። ነገር ግን ታስሮ የሰነበተ ሰው በእግሩ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል፤ አንዳንዱም ተፈትቶ ጥቂት ሲራመድ ድንገት ወድቆ ይሞታል። መንደርተኛው ጋኔን ገደለው ቢልም፥ የገደለው ከእግሩ የተነሣ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል።

አንድ እግሩ ብቻ አብጦ የሚያመውና የሚሞቅ እንደ ሆነ ይህን መጠርጠር ይገባል። ያን እግር ማሸት ክፉ ነው፤ ወጌሻም አይጠራ። ድንገት ትንፋሹ ቢያጥር፥ ሲተነፍስ ደረቱን ቢወጋው፥ ወይም አክታው ደም ቢቀላቅል፥ ደሙ ወደ ሳንባ ደርሶ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፥ ሕመምተኛው «ትንፋሽ አጠረኝ» ሲል «እብደቱ ነው» ብሎ ዝም ስለሚል ነው። የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ስለ ሰውነቱ የሚናገረው እንደ ማንኛውም ሰው ቃል ሊታመን ይገባዋል፤ በጊዜ ሐኪም ቤት ከደረሰ የረጋው ደም እንዳያድግ የሚከለክል መድኃኒት አለና።

በመንደራችሁ የታሰረ ሕመምተኛ ቢኖር ከቤተ ዘመዱ ጋራ ተመካከሩ። የአእምሮ ሕክምና ዛሬ በአዲስ አበባ በአማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ሳይሆን በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎችም ይገኛል። ሕመምተኛውም ተፈትቶ ውሃ ይጠጣ፥ በየቀኑም ይራመድ። እግሩ አብጦ የተገኘ እንደ ሆነ ግን በእግሩ አይሂድ፤ በቃሬዛ ተሸክማችሁ ውሰዱት።